ከመኪና ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ስቱዲዮ

የቀጥታ ስርጭት መኪና ጠባብ ነው። ሚክሰሩ፣ የምስል መቆጣጠሪያው፣ ሦስት አራት ባለሙያ ከነወንበሩ በሚጨናነቅበት ክፍል ውስጥ ለስፒከር የሚተርፈው ቦታ ከመደርደሪያ ጥግ አያልፍም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የቢቢሲ መሐንዲሶችን የቸገራቸው ይኸው ነበር። መኪናው ውስጥ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ ወደ አገር ሁሉ የሚያስተላልፈውን ድምፅ ጥርት አድርጎ መስማት አለበት። ትልቁ የስቱዲዮ ስፒከር አይገባለትም፤ በሄድፎን የሚሰማው ደግሞ ለውሳኔ የሚያስተማምን አልሆነም። ገበያ ላይ የሚመቻቸው ትንሽ ስፒከር ስላጡ ራሳቸው ሠሩት።

የሠሩት ሳጥን ቁመቱ 30፣ ወርዱ 19፣ ጥልቀቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኤልኤስ 3/5ኤ ይባላል። ዛሬ ይህን ሳጥን የሚፈልግ ሰው መኪና ውስጥ አያገኘውም፤ ከእንግሊዝ እስከ ጃፓንና ሆንግ ኮንግ ድረስ የሙዚቃ ወዳዶች ሳሎን ውስጥ ተከብሮ ተቀምጧል። በተቃራኒው ደግሞ ያማሃ በ1978 ለሳሎን ብሎ የሠራው ኤንኤስ-10 የተባለ ስፒከር ሳሎን ውስጥ አልሆነለትም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በየአገሩ ከስቱዲዮ ሚክሰሮች ራስ ላይ ተሰቀለ። ሁለቱ ስፒከሮች መንገድ ላይ የተላለፉት ግን እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም።

ለመሆኑ የስፒከር ሥራ ምኑ ላይ ነው ጣጣው? መሠረቱ ማግኔት፣ የመዳብ ሽቦ ጥቅልና የወረቀት ኮን ነው። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ይህን አሠራር በ1925 ካሳወቁ ወዲህ ብዙም የተለወጠ ነገር የለም። ጣጣው ያለው ሳጥኑ ላይ ነው። ኮኑ ወደ ፊት ሲገፋ የፊቱን አየር ይጨምቃል፣ የኋላውን ያሳሳል። ሁለቱ ከተገናኙ ይጣፋሉ፤ ቀድሞ የሚጠፋውም ቤዙ ነው። ስለዚህ የኋላው ድምፅ ከፊቱ እንዳይገናኝ መከለል ግድ ይላል። የሚከልለው ጣውላ ደግሞ እንዲያ በቀላሉ ዝም አይልም፤ ሲነቀነቅ የራሱን ድምፅ ያወጣል።

ለዚህ መላ ፍለጋ ብዙ የደከመው ጊልበርት ብሪግስ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ሰው የነበረው ብሪግስ ዮርክሺር ውስጥ ኢልክሊ በምትባል ከተማ፣ በቤቱ ምድር ቤት ስፒከር መሥራት የጀመረው በ1932 ሲሆን፣ ዋርፍዴል የተባለው ድርጅት ከዚያ ምድር ቤት ወጣ። ሳጥኑ እንዳይነቀነቅ በሁለት ኮምፔንሳቶ መካከል አሸዋ ይሞላ ነበር። ከክፍሉ ጥግ ላይ በጡብ የሚገነባ የስፒከር ሳጥንም ነድፏል። ቤት ለሚቀይር ተከራይ የሚሆን ምክር እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በ1954 ለንደን በሚገኘው ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ ሕዝብ ሰብስቦ፣ መድረክ ላይ የሚጫወቱ ሙዚቀኞችን ድምፅ ከተቀዳው ጋር እያፈራረቀ አሰማ። ስለ ስፒከር የጻፋቸው መጻሕፍትም ለመሐንዲስ ሳይሆን መጋዝና ጊዜ ላለው ለማንኛውም ሰው የሚሆኑ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር በትርፍ ጊዜው የራሱን ስፒከር የሚሠራ ትውልድ እንዲነሣ ከብሪግስ መጻሕፍት የበለጠ ያገዘ ያለ አይመስልም።

በዚያው በ1954 አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር ነገሩን ከሌላ ወገን ያዘው። እስከዚያ ድረስ ኮኑን ወደ ቦታው የሚመልሰው በዙሪያው ያለው ደንዳና ተሸካሚ ነበር፤ ይህ ተሸካሚ ኮኑ ብዙ ሲጓዝ ያስቸግራል፣ ድምፁንም ያዛባል። ቪልቸር ተሸካሚውን እጅግ አላልቶ ሳጥኑን ግጥም አድርጎ ዘጋው። የብስክሌት ፓምፕ አፍ በጣቱ ደፍኖ የገፋ ሰው እንደሚያውቀው፣ የታፈነ አየር ራሱ ሞላ ይሆናል፤ ያውም ከብረትና ከጨርቅ ሞላ የተስተካከለ። ለመጀመሪያው ሙከራ የነባር ስፒከር ጠርዝ ተቆርጦ ወጣና በፍራሽ ጨርቅ ተተካ፤ የጨርቁን ቅድ ያወጣችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የንድፍ ባለሙያ የነበረችው ሚስቱ ሮዝሜሪ ናት። ቪልቸር ከተማሪው ከሄንሪ ክሎስ ጋር ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬምብሪጅ ላይ ድርጅት አቋቁሞ ኤአር-1 የተባለውን ስፒከር አወጣ። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ቤዝ ለመስማት ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ሳሎን ውስጥ ማቆም ቀረ።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ቢቢሲ፣ በኋላ ከብሪግስ ዘንድ ይሠራ የነበረው ሬይመንድ ኩክ በ1961 ኬንት ውስጥ ሜይድስቶን ከተማ ላይ ኬኢኤፍን መሠረተ። ከቢቢሲ የምርምር ክፍል ጋር የነበረው ቅርበት ለሁለቱም ጠቀመ። የምርምር ክፍሉ ሰሬይ ውስጥ ኪንግስውድ ዋረን በሚባል ትልቅ ቤት ተቀምጦ ስለ ኮን ያጠና ነበር። ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ ከምርት ምርትም ይለያያል፤ ዛሬ የተገዛው ስፒከር ከዓመት በፊት ከተገዛው ጋር አንድ አይሆንም። በመቶ የሚቆጠሩ ስቱዲዮዎች ላሉት ተቋም ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ስለዚህ በክፍሉ መሐንዲስ በደድሊ ሃርዉድ ዘመን ቤክስትሪን የተባለ ፕላስቲክ ኮን ሆኖ መጣ። የሚመዘነውም በሙዚቃ ብቻ አልነበረም። አንድ ባልደረባ ይናገራል፣ ንግግሩ በማይክሮፎን ተይዞ በስፒከሩ ይሰማል፣ ከራሱ ከሰውየው ድምፅ ጋርም ይነጻጸራል። በየቀኑ የምንሰማውን ሰው አፍንጫው የተደፈነ ያስመሰለ ስፒከር ከጆሮ አያመልጥም።

የመኪናው ስፒከር ዘር ደግሞ ከሌላ ሙከራ የተገኘ ነው። መሐንዲሶቹ አንድ ስቱዲዮ ከመታደሱ በፊት ድምፁ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የስቱዲዮውን አንድ ስምንተኛ የሚያህል ሞዴል ይሠሩ ነበር። ገደል ማሚቶ በሌለበት ክፍል የተቀዳ ሙዚቃ በስምንት እጥፍ ፍጥነት ሞዴሉ ውስጥ ይለቀቃል፣ እዚያው ይቀዳል፣ ከዚያ መልሶ በስምንት እጥፍ ይዘገያል። ለዚያ ሞዴል የሚሆን ትንሽ ስፒከር አስፈልጎ ተሠራ፤ ሲያዳምጡት ከመጠኑ በላይ ሆኖ ስላገኙት ለመኪና የሚሆን አደረጉት።

የመጀመሪያው ዓይነት በጥቂቱ ተሠርቶ ሌላ ሲታዘዝ ግን ችግር ገጠመ። ከኬኢኤፍ የመጡት ቤዝ ሰጪውም ቀጭኑን ድምፅ የሚሰጠው ትዊተርም በመካከሉ ተለውጠው ነበር፤ ድምፁን ለሁለቱ ከሚከፍለው ከድሮው ክሮስኦቨር ጋር አንገጥም አሉ። ንድፉ እንደ አዲስ ተሠራና ስሙ መጨረሻ ላይ «ኤ» ተጨመረ። ያኔ የወጣው ዝርዝር መመሪያ የአናጺም የኤሌክትሪክ ባለሙያም ሥራ ነው። ሳጥኑ 12 ሚሊ ሜትር የበርች ኮምፔንሳቶ ሆኖ ውስጡ ነቀነቃውን በሚያፍን ሬንጅ-መሰል ንጣፍ ይለበጣል። የማዕዘን መደገፊያው እንጨት ቢች መሆን አለበት፤ በሌላ እንጨት ሲተካ ልዩነቱ በጆሮ ተሰምቷል። ትዊተሩ ዙሪያውን በወፍራም የሱፍ ንጣፍ ይከበባል፤ ይህ ባይኖር ድምፁ ከሳጥኑ ጠርዝ እየነጠረ ይመለሳል። ቀጭኑና ወፍራሙ ድምፅ 3,000 ኸርዝ አካባቢ በክሮስኦቨሩ ይከፈላሉ። ክሮስኦቨሩ ላይ ያለው ባለብዙ መውጫ ትራንስፎርመር የትዊተሩን ጉልበት ለእያንዳንዱ ሳጥን ለይቶ ለማስተካከል ይረዳል።

ድክመቱ ጥልቅ ቤዝ የሌለው መሆኑ ነው፤ 5 ሊትር አየር ከዚህ በላይ አይሰጥም። ግን ዝቅተኛው ድምፅ ከመሞቱ በፊት ከፍ የሚልበት ትንሽ ጉብታ ስላለ ጆሮ ቤዝ ያለ ይመስለዋል። ትክክለኛነት ዋና ሥራው ለሆነ መሣሪያ ይህ ትንሽ ማጭበርበር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ቢቢሲ ዲዛይኑን ለግል አምራቾች በፈቃድ ሲሰጥ ሮጀርስ፣ ቻርትዌል፣ ኦዲዮማስተር፣ ቆይተውም ስፔንደርና ሃርበዝ ሠሩት። በሳሎን ደረጃ ድምፁ ጮክ አይልም፤ ሰው ሲዘፍን ግን ዘፋኙ ፊት ለፊት የተቀመጠ ያህል ይሰማል። የቤት አድማጩም ያን ወደደው።

በዚያው ጊዜ የእጅ ሠሪው ዓለም ራሱ ተለወጠ። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባስከተላቸው ጥናቶች፣ ስፒከርንና ሳጥንን በሒሳብ አገናኙ። ኮኑ ብቻውን በየትኛው ድግግሞሽ እንደሚርገበገብ፣ ከተነቃነቀ በኋላ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያርፍ፣ ልልነቱ ከስንት ሊትር አየር ጋር እንደሚተካከል ከታወቀ የሳጥኑ መጠን በወረቀት ላይ ይወጣል። ከዚያ በፊት ሳጥን ይቆረጣል፣ ይደመጣል፣ ደስ ካላለ ሌላ ይቆረጣል። ቀመሩ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራውን ብቸኛ ሰው ከትልቁ ፋብሪካ እኩል አቆመው፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ዕድገት ይሄ ነው። ስሞል በ1986 የምርምር ኃላፊ ሆኖ የሄደው ወደ ኬኢኤፍ ነበር።

የያማሃው ኤንኤስ-10 ግን በጆሮ ብቻ ቢፈረድበት ተቀብሮ ይቀር ነበር። ነጭ የወረቀት ኮን፣ 10 ሊትር ገደማ የሆነ ዝግ ሳጥን፣ ጆሮ የሚቆረቁር ቀጭን ድምፅ። የቤት ሰው ሲሸሸው የስቱዲዮው ሰው ግን ያ ጥርሱን ያወጣ ድምፅ ጠቀመው፤ ቦብ ክሊርማውንቴንን የመሰሉ ስመ ጥር የሚክስ ባለሙያዎች ተጠቀሙበት፣ ሌላው ተከተለ። ትዊተሩ ጆሮ ሲያደክማቸው የሽንት ቤት ወረቀት በላዩ መለጠፍ ጀመሩ። ቦብ ሆዳስ የተባለ የድምፅ ባለሙያ በ1986 የወረቀቱን ዓይነት እያለዋወጠ ለክቶ ጽሑፍ እስኪያወጣበት ድረስ ነገሩ ቁም ነገር ሆኖ ነበር። ያማሃ በ1987 ትዊተሩን ያለዘበ የስቱዲዮ ዓይነት አወጣ።

ለምን እንደሠራላቸው ግልጽ የሆነው ዘግይቶ፣ ምርቱ በቆመበት በ2001 ነው። ፊሊፕ ኒውዌልና ኪት ሆላንድ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲን ቤተ ሙከራ ተጠቅመው ከ30 የሚበልጡ የስቱዲዮ ስፒከሮችን ለኩ። ኤንኤስ-10 የድምፁ ሚዛን የተስተካከለ አልነበረም። በፍጥነት ግን የሚደርስበት ጥቂት ነው፤ ከበሮው ሲቆም ስፒከሩም ይቆማል። ቀዳዳ ያላቸው ሳጥኖች ቤዙን ለመጨመር ቀዳዳው ውስጥ ያለውን አየር ስለሚያወዛውዙ ድምፁ ካቆመ በኋላም ትንሽ ይጎትታሉ። ዝግ ሳጥን አይጎትትም። የቪልቸርም፣ የቢቢሲም፣ የያማሃም ሳጥን ዝግ ነው። የሚክስ ባለሙያ ቤዝ ጊታሩ ከከበሮው ጋር ይገጥም እንደሆነ መወሰን የሚችለው እንዲህ ባለው ስፒከር ነው፤ የቤት አድማጭም ዘፈኑ እንዳይድበሰበስ የሚፈልገው ያንኑ ነው።

ኬኢኤፍ ለኤልኤስ 3/5ኤ የሚሆኑትን ክፍሎች መሥራት ሲያቆም፣ ቀድሞ ራሱ የነደፋቸው ማልኮም ጆንስ ያቋቋመው ፋልከን አኩስቲክስ እንደገና ሠርቶ አዲስ ሳጥን አወጣ። የኤንኤስ-10 ነጭ ኮን ደግሞ ሌላ ሥራ ያዘ። ጥቅል ሽቦና ማግኔት ወደ ኋላም ስለሚሠሩ፣ ባለሙያዎች ቤዝ ሰጪውን ነቅለው ከትልቁ ከበሮ ፊት በማቆም እንደ ማይክሮፎን ቀዱበት። ያማሃም ይህን አይቶ ሐሳቡን ወስዶ፣ ከበሮ በሚመስል ክብ እንጨት ውስጥ ስፒከር ገጥሞ ሰብኪክ በሚል ስም ሸጠው።