በላይ አበጋዝ እና የልብ ቀዶ ሕክምና በኢትዮጵያ

ዶክተር በላይ አበጋዝ የሕፃናት ልብ ሐኪምና የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል መሥራች ናቸው። ድርጅቱን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥበት ሕንፃ ተመርቆ ሥራ ጀመረ። እሳቸው ራሳቸው ቀዶ ሐኪም አይደሉም። ሆኖም የአገሪቱ የልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ሲነሣ ስማቸው ከብዙ ቀዶ ሐኪሞች ስም ቀድሞ ይጠራል፤ ይገባቸዋልም። ምላጭ የሚጨብጥ እጅ ከመገኘቱ በፊት ሕፃኑን የሚመረምር፣ ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ የሚቀበል ሆስፒታል በደጅ ጥናት የሚያገኝ ሰው ያስፈልግ ነበርና።

በሽታው ከየት ይነሣል

ወደ ማዕከሉ የሚመጡ ሕፃናት በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ሲወለዱ ጀምሮ በልባቸው ላይ ቀዳዳ ወይም ሌላ የአፈጣጠር ጉድለት ያለባቸው ናቸው። ሌሎቹ ጤነኛ ልብ ይዘው ተወልደው በኋላ በቶንሲል ሰበብ ልባቸው የተጎዳ ናቸው። ይህ ሁለተኛው ሩማቲክ የልብ በሽታ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ጉሮሮ ያቆስላል። ሕመሙ ሳይታከም ሲቀር፣ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ የገዛ ልቡን ያጠቃል። ልጁ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱን፣ ቁርጭምጭሚቱን ያመዋል፤ ቤተሰብ ቁርጥማት ነው ብሎ ያልፈዋል። የመገጣጠሚያው ሕመም ይተዋል፤ የልቡ ቫልቭ ጠባሳ ግን ይቀራል። ቫልቩ ይጠባል ወይም አልገጥም ይላል፣ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ልጁ ዳገት መውጣት ያቅተዋል፣ እግሩ ያብጣል።

ሕመሙ በተለይ የሚበረታው ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበትና ጤና ጣቢያ ሩቅ በሆነበት አካባቢ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስላለው፣ ቡና በደን ውስጥ ስለሚለቀምበት ስለ ኢሉባቦር ሲታሰብ ይህን አለማንሣት አይቻልም። በአቅራቢያው ባለው በጅማ ገጠር ከ6 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው 987 ሰዎች በልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ተመርምረው፣ ከሺህ 37 ተኩል በሚሆኑት ላይ ሩማቲክ የልብ በሽታ እንደተገኘ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ከ16 እስከ 20 ዓመት ባሉት ላይ ቁጥሩ ከሺህ 60 ደርሷል። በስድስት የአገሪቱ አካባቢዎች በተማሪዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሺህ 19 አግኝቷል። በሽታው ካለባቸው መካከል በቡናው ደን ውስጥ ለቀማ የሚውሉ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ኳስ የሚያባርሩ አሉ። ብዙዎቹ መታመማቸውን አያውቁም።

ከመቱ እስከ ጥቁር አንበሳ

መቱ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከጎሬ ቀጥላ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ሆነች፤ ጎሬ፣ ያዮ፣ ሁሩሙና ቡሬ በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች ናቸው። በምሥራቅ በኩል ያለችው በደሌ ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ውስጥ ትገኛለች፤ ወደ ጅማም ሆነ ወደ ነቀምት የሚሄድ መንገደኛ በእሷ በኩል ያልፋል። በመቱ ትልቁ ሆስፒታል ካርል ይባላል። ስሙ የኦስትሪያና የጀርመን ተዋናይ የነበሩትንና እ.ኤ.አ. በ1981 ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት የመሠረቱትን፣ ካርልሃይንዝ በም የተባሉትን ሰው የሚያስታውስ ነው። ድርጅታቸው በኢሉባቦር ብዙ ሠርቷል። ከየወረዳው ጤና ጣቢያ የሚላክ ሕመምተኛ ካርል ይደርሳል፤ የልቡ ችግር ከዚያ አቅም በላይ ሲሆን ሪፈር ይጻፍለታል። ወላጅ ከዚህ በኋላ የሚገጥመው የመኪና ኪራይ፣ በአዲስ አበባ የማደሪያ ቤት፣ የቀጠሮ ወረፋ ነው። ልጁን ይዞ የሚሄደው ሰው በዚያ ወራት ቡናውን የሚለቅምለት ያጣል። ለሩቅ አገር ሰው ሕክምናው በነጻ መሰጠቱ እንኳ ብቻውን አይበቃም።

ልመናው፣ ጉዞውና ሕንፃው

ቀድሞ ዋናው መንገድ ሕፃናቱን ወደ ውጭ መላክ ነበር። ልብን አቁሞ፣ ደሙን በማሽን እያዞሩ ውስጡን መጠገን የተቻለው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ጊበን የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1953 በተሳካ ሁኔታ ከተጠቀሙ ወዲህ ነው። ያ ማሽን፣ የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ፣ የፅኑ ሕሙማን ክፍሉና የደም አቅርቦቱ በአንድ ላይ ካልተገኙ የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም ብቻውን ምንም አያደርግም። እነ ዶክተር በላይ ለዚህ ነው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ሕንፃ ጭምር የጠየቁት። ከሕዝብ ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ከውጭ ወዳጆች መሣሪያ ተለመነ።

በዚያ መንገድ ላይ ሁለት ቀዶ ሐኪሞችን መጥቀስ ተገቢ ነው። አሚ ኮሄን በአሜሪካ ተወልደው ወደ እስራኤል የሄዱ የልብ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። በሆሎን ከተማ በሚገኘው ቮልፍሶን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የሕፃናትን ልብ በነጻ የሚያክም ፕሮግራም ሲጀምሩ የመጀመሪያ ታካሚዎቻቸው ሁለት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ነበሩ። ኮሄን እ.ኤ.አ. በ2001 ኪሊማንጃሮን ሲወጡ በ47 ዓመታቸው አረፉ፤ ፕሮግራማቸው ግን አልቆመም። ሁለተኛው ግብፃዊው ሰር ማግዲ ያዕቆብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት ያዕቆብ ወደ ልብ ሕክምና የገቡት አክስታቸው በቫልቭ መጥበብ በወጣትነታቸው ስለሞቱ ነው። በእንግሊዝ ሃርፊልድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በልብ ንቅለ ተከላ ዓለም ያወቃቸው እኚህ ሐኪም በኋላ የመሠረቱት የበጎ አድራጎት ድርጅት የበጎ ፈቃደኛ ቡድኖችን ወደ አዲስ አበባው ማዕከል ልኳል። ከላይ የተጠቀሰውን የጅማ ጥናት ካዘጋጁት አንዱም እሳቸው ናቸው።

ማዕከሉ ሥራ ሲጀምር ቀዶ ሕክምናውን በዋናነት ያካሂዱ የነበሩት በየጊዜው የሚመጡት የውጭ ቡድኖች ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የማሽን ባለሙያዎች ከአጠገባቸው ቆመው ተማሩ፤ ወደ ውጭም ሄደው ሠለጠኑ፤ ውሎ አድሮ በራሳቸው ልብ መክፈት ቻሉ። ይህ ለውጥ ከሕንፃው ምረቃ የሚበልጥ ነው። እንግዳ ቡድን በሄደ ማግሥት የባሰበትን ሕፃን የሚያይ ሐኪም እዚያው አለና። አሁንም የሚያስቸግረው የአላቂ ዕቃ ጉዳይ ነው። ለደም ኦክስጅን የሚሰጠው የማሽኑ ክፍል፣ ክሩ፣ ሰው ሠራሹ ቫልቭ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው፤ የሚገዙትም በውጭ ምንዛሪ ነው። ወረፋው የሚረዝምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከቀዶው በኋላ

ቀዶ ሐኪሙ ቫልቩን መጠገን ከቻለ መተካቱን አይመርጥም፤ በተለይ ሕመምተኛው የገጠር ልጅ ሲሆን። ሜካኒካል የተባለው ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት ይውጣል። መጠኑን ለማወቅ ደሙ በየጊዜው መመርመር አለበት። ሲያንስበት ቫልቩ በረጋ ደም ይዘጋል፣ ሲበዛበት ይደማል። እንደ ጎመን ያለ ቅጠላ ቅጠል መብዛት ወይም መቅረት እንኳ ልኩን ያዛባል። ለልጃገረዷ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል እርግዝናዋ ከሐኪም ጋር መመከር ያስፈልገዋል።

በሩማቲክ የልብ በሽታ ታሞ ተጠግኖ ለተመለሰውም ሆነ ሕመሙ ገና በጅምር ለተገኘበት የሚታዘዘው መርፌ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት ይወጋል፤ ቶንሲሉ ተመልሶ ቫልቩ ዳግም እንዳይጎዳ ያደርጋል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ አዲስ አበባ መምጣትም አያስፈልገውም። የሚሰጠው በያዮ፣ በጎሬ ወይም በቡሬ ጤና ጣቢያ፣ የልጁን ካርድ በምታውቅ ነርስ እጅ ነው።