አባያና ጫሞ፦ ስም የበዛላቸው፣ ልኬት የተነፈጋቸው ሐይቆች

ከአርባ ምንጭ ላይኛው ከተማ፣ ከሸቻ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ሁለት ሐይቆችን በአንድ ጊዜ ያያል። በስተግራ ያለው አባያ የሸክላ ቀለም አለው፤ በስተቀኝ ያለው ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በመካከላቸው የተጋደመውን ጠባብ ኮረብታማ መሬት ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስለ ምን ቀለማቸው ተለያየ? ለዚህ መልስ አለ። አባያን ያቀላው በውሃው ውስጥ ሳይዘቅጥ የሚንሳፈፍ እጅግ የላመ ደለል ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ይከብዳል። ከዚህ ደለል ምን ያህሉ ከጥንት የነበረ ነው፣ ምን ያህሉስ ባለፉት ሃምሳና ስድሳ ዓመታት ከተመነጠሩት ተራሮች በብላቴ፣ በጊዳቦ፣ በገላና፣ በሐሬ ወንዞች ተጠርጎ የወረደ? ይህን በእርግጠኝነት ለመመለስ ከዓመት ዓመት ሳይቋረጥ የተጻፈ መዝገብ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ ያንን መዝገብ የመፈለግ ታሪክ ነው።

እንደ ብዙው ነገራችን ሁሉ የእነዚህ ሐይቆች የሳይንስ ታሪክም በባዕድ እጅ ይጀምራል። ጣልያናዊው መኮንን ቪቶሪዮ ቦቴጎ አባያ ዳርቻ የደረሰው በግንቦት 1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 1896) ነው። አንባቢ ወሩን ልብ ይበል፤ ከአድዋ ድል ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ መሆኑ ነው። የአገሩ ጦር በሰሜን ድል ሆኖ ሳለ ቦቴጎ በደቡብ ሐይቅ ይሰይም ነበር። አባያን በንጉሥ ኡምቤርቶ ሚስት ስም «ማርጌሪታ» አለው። ጫሞንም ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በደቡብ ኢትዮጵያ በአደን ላይ ሳለ ዝሆን በገደለው በልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ስም ጠራው። የአውሮፓ ካርታዎች እነዚህን ስሞች ለአሠርት ዓመታት ተሸከሙ። በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ግን የራሱን ስም መጥራቱን ለአንድ ቀንም አላቋረጠም። የጉዞው አባል የነበረው ማውሪዚዮ ሳኪ እ.ኤ.አ. በ1897 መጀመሪያ እዚያው ሐይቅ አቅራቢያ ተገደለ፤ ቦቴጎም በዚያው ዓመት በመጋቢት በወለጋ በኩል ወደቀ። የተረፉት ሁለቱ መኮንኖች፣ ቫኑቴሊና ቺተርኒ፣ ስለ ጉዞው የጻፉትን መጽሐፍ በ1899 አሳተሙ።

ይህን የምተርከው ስለ ቦቴጎ ለማውራት አይደለም። በዚያው በ1896 እንግሊዞች በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ፣ እንቴቤ ላይ፣ የውሃ ከፍታ መለኪያ ተክለው ማንበብ ጀመሩ። ለማን ጥቅም እንደሆነ አናጣውም፤ የናይልን ውሃ የሚቆጣጠር ሁሉ ቁጥሩን ይፈልጋል፤ ካይሮ ላይ በሮዳ ደሴት ያለው የናይል መለኪያ ግንብም በ861 የተሠራ ነው። ነገር ግን ዛሬ አንድ ኡጋንዳዊ ተመራማሪ የሐይቁን ውሃ ከመቶ ሃያ አምስት ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሊከታተል የሚችልበት መዝገብ አለው። እኛ ቅኝ አለመገዛታችንን ስናነሳ ደረታችንን መንፋታችን ተገቢ ነው። ይሁንና ነፃ የሆነ መንግሥት ቅኝ ገዢው ለራሱ ጥቅም የሠራውን ለሕዝቡ ጥቅም ለምን ሳይሠራ እንደቀረ መጠየቅ ከአድዋ ክብር ላይ አንዳች አይቀንስም። በአንድ ዓመት አንደኛው ሐይቅ መለኪያ ተተከለለት፣ ሌላኛው የንግሥት ስም ወጣለት። ልዩነቱ እስከ ዛሬ ይከተለናል።

ቀጣዩ ጉብኝትም የወራሪ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን የዓሣ ሀብት አጥኚ ቡድን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ዞሮ ዳሰሰ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1941 ታተመ። ወራሪው ከአገር የተባረረበት ዓመት ነው። ጥናቱ በጣልያንኛ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ቀረ።

እውነተኛው የአገር ቤት ሥራ የተጀመረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በቀድሞው ስሙ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዉድ፣ ባክስተርና ፕሮሰር የተባሉ የውጭ መምህራን መጀመሪያ የቢሾፍቱን የእሳተ ገሞራ ሐይቆች መረመሩ፤ ከእንግሊዛዊው የሐይቅ ሳይንስ ሊቅ ከታሊንግ ጋርም አብረው ሠሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ግን የእኛው ነው። አምሐ በላይ፣ ዝናቡ ገብረ ማርያም፣ ኤልሳቤጥ ከበደ፣ ሥዩም መንግሥቱ የሚሉት ስሞች በፖለቲካ ገጾች ላይ አይወጡም፤ ተማሪዎቻችንም የሚያውቋቸው ጥቂቶች ናቸው። መዝገብ አለን የምንል ከሆነ ግን አብዛኛው የእነርሱ የእጅ ሥራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የ1970 ዓ.ም. ሥራ ነው። በዚያ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1978) ጫሞ ላይ ከፍተኛ የአልጌ ወረርሽኝ ተነሣ። አልጌ ሐይቅን የሚመግብ ረቂቅ ዕፀዋት ነው፤ ያለ ልክ ሲባዛ ግን ውሃው እንደ ቀለም ይወፍራል፤ ሌሊት ሲተነፍስና በኋላም ሞቶ ሲበሰብስ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ያሟጥጣል፤ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። አምሐ በላይና ዉድ ይህን ወረርሽኝ አጠኑ፤ ጽሑፋቸውም በ1982 (እ.ኤ.አ.) «ሲኔት» በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ወጣ። እንግዲህ ዓመቱን እናስታውስ። በአዲስ አበባ ጎዳና የቀይ ሽብር ሬሳ የሚነሣበት፣ በኦጋዴን ጦርነት የነደደበት ዓመት ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ሕይወት የሣር ያህል ዋጋ ባልነበረው ጊዜ የጫሞን ውሃ የመረመረ ሰው ተገኘ። መንግሥት አዘዘው ወይስ የሙያው ኅሊና? የአገራችንን የሳይንስ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ ይህን ምዕራፍ አይለፈው። ዛሬ ስለ ጫሞ አልጌ የሚጽፍ ማንኛውም ተመራማሪ መነሻው ያ ጽሑፍ ነው። ከእርሱ በኋላ ያለው ግን እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ሳይሆን እንደ ተበጠሰ ዶቃ እዚህም እዚያም የወደቀ ነው። እነ ዝናቡ እ.ኤ.አ. በ2002 የሰባት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን የረጅም ዘመን የኬሚካል ለውጥ ለማሳየት ሲነሡ በየአሠርቱ የተደረጉትን ልኬቶች ለቅመው ማገጣጠም ነበረባቸው።

በ1979 ዓ.ም. የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከፈተ፤ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። ከዚህ ተቋም ከወጡት ሥራዎች አንዱን ልጥቀስ። ዶ/ር ስለሺ በቀለ፣ ኋላ የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር የሆኑት፣ በጀርመን ድሬስደን እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ስለ አባያና ጫሞ ተፋሰስ ነው። የሁለቱን ሐይቆች ጥልቀት ለክተው ካርታ ሠሩ። አባያ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ 13 ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ ይህ ሐይቅ በሰፊ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ እንደሆነ ይገባዋል። በትሪ ላይ አንድ ክንድ ደለል ብዙ ነው። እኔን የበለጠ የነካኝ ግን የጥናቱ ርእስ ነው። ተፋሰሱ «ውስን መረጃ ባለበት ሁኔታ» እንደሚጠና በርእሱ ላይ ያስታውቃል። ሌላው ምሁር በመቅድም ውስጥ ሸሽጎ የሚያልፈውን ችግር እርሳቸው በሽፋኑ ላይ ጻፉት።

ይህ «ውስን መረጃ» የሚባለው ነገር ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት የሐይቅ ከፍታ ንባብ የተጻፈባቸውን ደብተሮች ለማየት ተፈቅዶልኝ ነበር። ደብተሮቹ አቧራ ለብሰው ከአሮጌ ጎማ ጋር ተከምረዋል። ገጽ ስገልጥ የአራት ወር ንባብ በአንድ ብዕር፣ በአንድ የእጅ ጽሕፈት፣ በአንድ ቁጥር ተሞልቶ አገኘሁ። የበልግ ዝናብ መጥቶ ሄዷል፤ ሐይቁ ግን በደብተሩ ላይ ቅንጣት አልተነቃነቀም። ቀድሞ አንባቢ የነበሩትን አዛውንት አፈላልጌ አገኘኋቸውና፣

«ጋሼ፣ ይህ እንዴት ሆነ?» አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። «ዶክተር፣ ደመወዙ ከቆመ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። ውሃውም ሸሽቶ መለኪያውን በደረቅ መሬት ጥሎት ሄደ። ባዶ ብዬ እንዳልጽፍ ሐይቁ እዚያው ነው፤ እንዳልተወው ደብተር ባዶውን ሲያዩ ይቆጡኛል። የመጨረሻውን ቁጥር ደገምኩት» አሉኝ።

አልፈረድኩባቸውም። እኒህ ሰው የዋሹት ውሸት ከእርሳቸው በላይ ባሉት ደረጃዎች ሁሉ በየሩብ ዓመቱ ከሚጻፈው ሪፖርት የተለየ አይደለም። እንዲያውም የእርሳቸው ይሻላል፤ የተደገመ ቁጥር ውሸት መሆኑ በግልጽ ይታያልና።

አስተዳደሩንም እንይ። የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት ይቋቋሙ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2007 አዋጅ ወጣ፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስም የራሱ ባለሥልጣን ተሰጠው። በ2018 የየተፋሰሱ ባለሥልጣናት በአንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ተጠቀለሉ። በ2021 ደግሞ ያም ቀርቶ ሥራው ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። በአሥራ አራት ዓመት ሦስት ጊዜ መሆኑ ነው። ቤት የቀየረ ሰው ያውቀዋል፤ በየዝውውሩ መጀመሪያ የሚጠፋው ወረቀት ነው።

በመካከሉ ሥራ አልተሠራም ማለቴ አይደለም። ከጀርመኑ የዚገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገው ትብብር በ2004 የአባያ ሐይቅ የምርምር ጉባኤ ተካሂዶ ጽሑፎቹ ታትመዋል። ከቤልጅየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተያያዘው የአርባ ምንጭ ምርምርም ፍሬ አፍርቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ፋሲል እሸቱና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጽሑፍ በሁለቱ ሐይቆች ላይ ብርቱ የረጅም ዘመን ለውጥ መድረሱን አሳይቶ በርእሱ ላይ የተግባር ጥሪ የሚል ቃል አኖረ። ጥንቁቅ የሳይንስ ሰዎች በርእስ ላይ ሲጮኹ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ለዓመታት በሰነዶቻችን ሲጠቀስ የኖረው ግምት ራሱ ነገሩን ይናገራል፦ ጫሞ በዓመት 4,500 ቶን ገደማ ዓሣ ሊሰጥ ይችላል ሲባል በስፋት ከእጥፍ በላይ የሚሆነው አባያ ግን 600 ቶን ብቻ። ብርሃን በደለሉ ውስጥ ስለማያልፍ አልጌው አይበቅልም፤ አልጌ ከሌለ ቆሮሶው፣ ቆሮሶው ከሌለም ናይል ፐርቹ ምን ይበላል? አባያ ከጫሞ በ60 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንደሚገኝና ሲሞላ በኩልፎ ወንዝ በኩል ወደ ጫሞ እንደሚፈስ ስናስብ የአንደኛው ዕዳ የሌላኛውም መሆኑ ይገባናል። ነገር ግን ፕሮጀክት ዕድሜው አጭር ነው። የተመራማሪው ዶክትሬት ሲያልቅ ልኬቱም ያልቃል፤ ቀጣዩ ደግሞ ሌላ መሣሪያ ይዞ በሌላ ስፍራ ይጀምራል።

(በነገራችን ላይ የነጭ ሳር ሜዳ አንድ አስቂኝ ምሳሌ ሰጥቶናል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ አጥኚዎች በፓርኩ መንገድ ላይ የሞተ ወፍ አንድ ክንፍ አገኙ። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያ አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ የወፍ ዝርያ ተሰየመ። ስለ አካባቢው ያለን ዕውቀት በአብዛኛው እንደዚያ ክንፍ ነው፤ እውነት ነው፣ ቀሪው አካል ግን የለም።)

ከሁሉ የሚገርመው ስለ እነዚህ ሐይቆች ጥንታዊ ዘመን ከቅርቡ ይልቅ ሳንሻል አለመቅረታችን ነው። ግሮቭና ባልደረቦቹ በ1975 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ ከዛሬ አሥር ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው እርጥብ ዘመን አባያ ወደ ጫሞ፣ ጫሞ ወደ ጨው ባሕር፣ ጨው ባሕርም ወደ ቱርካና ይፈስ ነበር። በጫሞ የናይል ፐርች መገኘቱ የዚያ ዘመን የዝምድና ምስክር ነው። በ2014 ደግሞ አስፋወሰን አስራት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በጨው ባሕር 280 ሜትር ያህል ወደ ታች ቆፍረው የ600,000 ዓመት የአየር ንብረት ታሪክ የያዘ ጭቃ አወጡ። ጭቃው የራሱን ደብተር አሟልቶ ጽፏል፤ ደመወዝ አልጠበቀም።

ሳተላይት አለ፣ መለኪያና አንባቢ ያረጀ ነገር ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ከፊል እውነት አላቸው። ላንድሳት ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ምድርን ያነሣል፤ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጠቀችው ስዎት የተባለችው ሳተላይት የሐይቆችን ከፍታ ከሰማይ ትለካለች። ሳተላይት ግን ውሃው ሥር ያለውን ኦክስጅን አያይም፤ ከሙዝና ከጥጥ እርሻ የሚወርደውን ፀረ ተባይ አይቀምስም፤ የዓሣ አጥማጁን መረብ ዓይን አይለካም። የሳተላይቱን ቁጥር ለማረጋገጥ ራሱ ምድር ላይ የቆመ መለኪያ ያስፈልጋል። የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ ሲደርቅ ሳተላይቱም በሰማይ ነበር፣ አንጋፋው የግብርና ዩኒቨርሲቲያችንም በሐይቁ ዳርቻ ነበር። ውሃው በኋለኞቹ ዓመታት በከፊል ተመልሷል፤ ሲደርቅም ሲመለስም ከተመልካችነት ያለፈ ድርሻ ነበረን ለማለት አልደፍርም።

ከእነዚያ ደብተሮች የቻልኩትን ያህል ገጽ በካሜራ አንሥቻለሁ። ቁጥሮቹን ማታ ማታ ወደ ኮምፒዩተር እያስገባሁ ነው። ሥራው ሲያልቅ ለሚፈልግ ተመራማሪ ሁሉ፣ ከየትኛውም ተቋም ቢሆን፣ ያለ ክፍያ እሰጣለሁ። ተመሳሳይ ቁጥር የተደጋገመባቸውን ወራት አልሰረዝኳቸውም፤ በቢጫ ቀለም ብቻ ለይቻቸዋለሁ።