ሲ.ኤም.ሲ እና ሳሊኒ፤ የሁለት ሥራ ተቋራጮች ዕድገት በሒሳብ መዝገብ ሲመረመር

ከየካ ኮረብታዎች ግርጌ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ሲ.ኤም.ሲ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን መኖሪያ ቤቶችን ከሠራበት የኢጣሊያ ድርጅት ነው። ሦስቱ ፊደላት የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር ማለት ሲሆኑ፣ ማኅበሩ የተቋቋመው በራቬና ከተማ በ1901 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ያንኑ አቅጣጫ ይዞ የሚጓዝ መንገደኛ ከለገጣፎ አልፎ ለገዳዲ ይደርሳል፤ በዚያም የከተማችንን የመጠጥ ውኃ የያዘውን ግድብ የሠራው ሌላው የኢጣሊያ ተቋራጭ ሳሊኒ ነው። እነዚህን ሁለት ጎረቤቶች በሥራቸው ብቻ ሳይሆን በሒሳባቸውም ማነጻጸር ለእኛ ለመሐንዲሶች ጠቃሚ ይመስለኛል።

በ2017 ሁለቱንም ከሩቅ ለተመለከተ ሰው ሁለቱም በዕድገት ጎዳና ላይ ነበሩ። የሲ.ኤም.ሲ ዓመታዊ ገቢ ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ደርሶ፣ ከኢጣሊያ ውጭ በአፍሪካና በእስያ ብዙ ሥራ ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት ሁለት የዕዳ ሰነዶችን ለገበያ አቅርቦ፣ አንደኛውን የ250 ሚሊዮን ዩሮ፣ ሁለተኛውን የ325 ሚሊዮን ዩሮ ሸጠ። ሳሊኒም በበኩሉ በ2013 በስፋት ከራሱ የሚበልጠውን ኢምፕሬጂሎን ጠቅልሎ ገዝቷል፤ በ2016 ጊቤ ሦስትን አስመርቋል፤ በ2011 የተጀመረውንም የዓባይ ግድብ በመገንባት ላይ ነበር።

ይሁንና የተቋራጭ ገቢ እንደ ባለሱቅ ገቢ አይደለም። ባለሱቅ ጨው ሸጦ ገንዘቡን መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ተቋራጭ ግን ሥራው ሲለካ ገቢ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ የክፍያ ሰርተፊኬት ይዘጋጃል፣ አማካሪው ይመረምራል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሲመቸው ይከፍላል። ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት ክሌም ከሆነማ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። በሳይት ላይ የዋለ መሐንዲስ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ገቢውና በእጁ ያለው የሥራ ውል እያደገ፣ ተሰብሳቢ ሒሳቡ ከዚያ በፈጠነ መጠን የሚያብጥ ኩባንያ አለ። ይህን ኩባንያ አደገ ማለት ለደንበኞቹ አበደረ ከማለት አይለይም፤ ያበደረውም ራሱ በወለድ ተበድሮ ነው።

በኅዳር 2018 ሲ.ኤም.ሲ በሁለተኛው ሰነድ ላይ የደረሰበትን 9.75 ሚሊዮን ዩሮ የወለድ ክፍያ መክፈል ተሳነው። ምክንያቱ ከደንበኞቹ የሚጠብቀው ገንዘብ መዘግየቱ እንደሆነ ገለጸ፤ በታኅሣሥም ከአበዳሪዎች የሚከላከለውን ሥርዓት ከራቬና ፍርድ ቤት ጠየቀ። የቢሊዮን ገቢ ባለቤት ከ10 ሚሊዮን ባነሰ ገንዘብ ተሰናከለ። በሲሲሊ መንገዶች ላይ የሠሩ አነስተኛ ንዑስ ተቋራጮች ሳይከፈላቸው ቀሩ። የካትማንዱን ከተማ ውኃ ለማጠጣት የተቆፈረው የሜላምቺ ዋሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተገናኘ ከወራት በኋላ ተቋራጩ ሥራውን ትቶ ሄደ፤ ውኃው ለከተማዋ የደረሰው በ2021፣ ሌላ ተቋራጭ ገብቶ ነው።

ሳሊኒ ለምን አልወደቀም? በጥበቡ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። የኅብረት ሥራ ማኅበር ባለቤቶች አባላቱ ስለሆኑ፣ ካፒታል ሲያንሰው ከገበያ አክሲዮን ሸጦ ማምጣት አይቀለውም፤ ብድር ይቀርበዋል። ሳሊኒ ግን ሚላኖ ገበያ ላይ የተመዘገበ ኩባንያ ስለሆነ በ2014 አክሲዮን ሸጠ፤ በ2019ም 600 ሚሊዮን ዩሮ አዲስ ካፒታል ሲያሰባስብ 250 ሚሊዮኑን ያዋጣው የኢጣሊያ መንግሥት የገንዘብ ተቋም ነበር። በ2020 ዌቢልድ ተብሎ ስሙን ለወጠ። የዓባይ ግድብ ቦንድ የገዛ አንባቢም፣ ለዚሁ ተቋራጭ ሰርተፊኬት ክፍያ የበኩሉን እንዳዋጣ ሊያስታውስ ይገባል።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2025 ሥራ ጀምሯል። አንድ ቀን የአገራችን ተቋራጮች አክሲዮን በዚያ ቢቀርብ፣ ርካሽ መስሎ የታየውን ከመግዛት በፊት የሁለት ተወዳዳሪዎችን መግለጫ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከገቢው ዕድገት አጠገብ የተሰብሳቢውን ዕድገት፣ ከትርፉም አጠገብ በእርግጥ ካዝና የገባውን ጥሬ ገንዘብ፣ ቢያንስ የአምስት ዓመቱን፣ መጻፍ ነው። ስሌቱ ከአንድ ድልድይ ዲዛይን ይልቅ እጅግ ቀላል ነው።