ፍቅርን የከሰሰው ችሎት

«ዓይኔ የወደደውን ብወድ፣ ያልወደደውን ብተው፣ ማን ይጠይቀኛል?» የሚል ሙግት በየጊዜው ይሰማል። ጥቁር ሴት አትማርከኝም፣ ወይም በተቃራኒው ከጥቁር ሴት በቀር ሌላ አላይም የሚል ሰው ዘረኛ ይባላልን? አንዱ ወገን ነገሩን እንደ ምግብ ጣዕም ቆጥሮ ያልፈዋል፤ ሌላው በአንድ ቃል ይኰንነዋል። ሁለቱም የዓይን ምርጫ ታሪክ እንዳለው ይዘነጋሉ። እኔ ጥያቄውን ወደ ወረራው ዘመን አዲስ አበባ ልወስደው እወዳለሁ፤ ጉዳዩ በችሎት ፊት ቀርቦ የተፈረደበት እዚያ ነውና።

ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትሰናዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 «ፋቼታ ኔራ» የሚባል ዘፈን በዘማቾቹ አፍ ገባ። ስሙ ትንሿ ጥቁር ፊት እንደ ማለት ነው፤ አንዲትን ሐበሻ ልጃገረድ ነፃ ላወጣሽ ነው እያለ ያባብላታል። ለወጣቱ ዘማች አገሪቱና ሴቲቱ አንድ ምርኮ ሆነው ተሣሉለት። ሙሶሊኒ ግን ዘፈኑን አልወደደውም። ጥቁሯን መመኘት አድሮ ወደ ማግባት እንዳይወስድ ሰጋ።

ስጋቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጣሊያኖች በኤርትራ ከሰፈሩ ጀምሮ ከአገሬው ሴቶች ጋር አብሮ የመኖር ልማድ ነበራቸው፤ «ማዳማቶ» ይሉታል። ይህን ሲያደርጉ የተንጠላጠሉት በእኛው የደሞዝ ጋብቻ ላይ ነበር። የደሞዝ ጋብቻ ግን ውልና ግዴታ ያለው ነው፤ የተወለደው ልጅ የአባቱ ልጅ ነው። እነርሱ ከውሉ ጥቅሙን ወስደው ግዴታውን ጣሉት።

የየካቲት 12 ደም ገና ሳይደርቅ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. ሕጉ ወጣ። ከምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ተወላጅ ጋር የጋብቻ ጠባይ ያለው ግንኙነት ያደረገ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። አንባቢ «የጋብቻ ጠባይ ያለው» የምትለዋን ሐረግ ልብ ይበል። ሕጉ ሥጋዊ ግንኙነትን አልከለከለም። ሴተኛ አዳሪ ዘንድ መሄድ ወንጀል አልነበረም። ስለዚህ ዳኞቹ አንድ እንግዳ ሥራ ወደቀባቸው፤ የተከሳሹን ልብ መመርመር። ከሴቲቱ ጋር በአንድ ገበታ በልቷልን? ስጦታ ሰጥቷታልን? ሲዛወር ይዟት ሄዷልን? እወዳታለሁ ብሏልን? እነዚህ ሁሉ የጥፋት ማስረጃ ሆነው ተቆጠሩ። ለሥጋ ፍላጎቱ ብቻ እንደ ያዛት ማሳመን የቻለ ግን ነፃ የመውጣት ተስፋ ነበረው። መናቁ መከላከያው፣ ማፍቀሩ ወንጀሉ ሆነ ማለት ነው። በዓለም የሕግ ታሪክ ከዚህ ይልቅ ራሱን ያጋለጠ ድንጋጌ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከዚህ ችሎት የምረዳው፣ መመኘትና መናቅ በአንድ ቤት ተስማምተው ማደር እንደሚችሉ ነው። ስለዚህ «ጥቁር ሴቶችን ስለምወድ ዘረኛ አይደለሁም» የሚለው መከላከያ ዋጋ የለውም፤ የ«ፋቼታ ኔራ» ዘፋኞችም ይወዱ ነበር። «አትማርከኝም» የሚለውም ቢሆን ዓይኑን ማን እንዳስተማረው መጠየቅ አለበት። ቨርጂኒያ ነጭ ከጥቁር እንዳይጋባ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1691 ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን መሰሉን ክልከላ ያፈረሰው በ1967 ነው። 276 ዓመት ሙሉ ታጥሮ የኖረ ዓይን አጥሩ በፈረሰ ማግስት ነፃ ይሆናል ማለት የዋህነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኦኬኪዩፒድ የተባለው የመተጫጫ ድረ ገጽ የተጠቃሚዎቹን ደብዳቤ ቆጥሮ ሲያወጣ፣ ከሴቶች መካከል ለጻፉት መልእክት ከሁሉ ያነሰ መልስ ያገኙት ጥቁር ሴቶች ነበሩ። እያንዳንዱ መላሽ የተከተለው የገዛ ጣዕሙን ነው፤ ጣዕሞቹ ሁሉ ግን አንድ አቅጣጫ ያዙ።

ስለ ፈረንጅ ብቻ እየተናገርን መሸሸግ አይቻለንም። ባርነት በሕግ ከተሻረ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ? ሆኖም ሽማግሌ ሲላክ አጥንት የሚቆጠረው ዝምድናን ለመሸሽ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችን እናውቃለን። ልጅቱን «ቀይ ናት» ብሎ ማሞገስ፣ ሌላዋን «ጠቆር ትላለች እንጂ ቆንጆ ናት» ብሎ መማር፣ ይቺ «እንጂ» ከወዴት መጣች? አንድን ሰው ለምን አላፈቀርክም ብሎ መክሰስ አይገባም፤ ልብን መክሰስ የፋሺስቶቹ ዳኞች ሥራ ነበር። አንድን ሕዝብ በሙሉ ገና ሳያዩት ከበር መመለስ ግን የልብ ሥራ አይመስለኝም።

ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሕግ ተጨመረ። ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ፤ ማሳደጊያው በእናቲቱ ላይ ወደቀ። የ1929ኙ ሕግ እርሷን አይቀጣም ነበር፤ የሚያስቀጣው የጣሊያናዊው ስሜት ብቻ ነበርና። እርሷ ትወደው እንደሆነ፣ ወይስ ፈርታው ወይስ ርቧት አብራው እንደ ኖረች፣ ለፍርዱ የሚለውጠው ነገር አልነበረም።