ኃይሉ መርጊያ

ኃይሉ መርጊያ (እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለዱ) ኢትዮጵያዊ የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋች፣ አቀናባሪና የባንድ መሪ ናቸው። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ዋልያስ ባንድን በመምራት፣ በኋላም አሜሪካ ሳሉ ብቻቸውን ተጫውተው ባወጡት ሸሞንሟናዬ በተሰኘው ካሴት ይታወቃሉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመር

ኃይሉ በ10 ዓመታቸው ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን ያለ አስተማሪ መለማመድ ጀመሩ። አኮርዲዮን በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ በጣም ተወዳጅ መሣሪያ ነበር። አንድ ሰው ዜማውንም አጃቢውንም ብቻውን ሊይዝበት ይችላል፣ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ለጥቂት ጊዜ አገልግለው ወጡ፤ ከዚያም በየምሽት ክበቡ እየተዘዋወሩ ተጫወቱ። በዚህ ጊዜ ይዘፍኑም ነበር። ወደ ኦርጋን የተሸጋገሩት ከአኮርዲዮን በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነገር ቢመስልም አጨዋወታቸውን ለመረዳት ይጠቅማል።

ዋልያስ ባንድ

ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተቋቋመ፤ ስሙንም ያገኘው በሰሜን ተራሮች ከሚኖረው ዋልያ ነው። ከአባላቱ መካከል ሞገስ ሀብቴ (ሳክስፎን)፣ ዮሐንስ ተኮላ (ትራምፔት)፣ ማህሙድ አማን (ጊታር)፣ መላከ ገብሬ (ቤዝ ጊታር)፣ ተማረ ሐረጉ (ድራም) እና ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ ይገኙበታል። በንጉሡ ዘመን ትልልቆቹ ባንዶች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ወይም የሌላ መንግሥታዊ ተቋም ነበሩ። ዋልያስ ግን የራሱን መሣሪያዎች ይዞ በውል የሚሠራ የግል ባንድ ነበር።

ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል። ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ ከተማው በጊዜ ይዘጋ ነበር። ሰዓቱ ያለፈበት እንግዳ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወት ነበር። በዚህ ሁኔታ አንድን ዜማ ማስረዘም፣ ማለዋወጥና ያለ ዘፋኝ ማቆየት ግድ ይላል። የዋልያስ ቅጂዎች ያላቸው ያልተቸኮለ፣ ደጋግሞ የሚዞር ምት ከዚህ የምሽት ሥራ ተለይቶ አይታይም።

ያኔ ገበያው የዘፋኝ ነበር፤ በካሴት ሽፋን ላይ በጉልህ የሚጻፈውም የዘፋኙ ስም ነው። ስለዚህ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሥራ ማሳተም ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ኃይሉና ዋልያስ በ1975 ትዝታ የተባለውን ካሴት፣ በ1977 ደግሞ ቼ በለው የተባለውን ሸክላ አወጡ። በቼ በለው ውስጥ የሚገኘው የግርማ በየነ ድርሰት ሙዚቃዊ ስልት ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከሚታወቁ የኢትዮጵያ የመሣሪያ ሙዚቃዎች አንዱ ነው፤ የውጭ ባንዶችም ደጋግመው ተጫውተውታል። በ1978 ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር ወደ ሐረር ጉዞን ቀረጹ።

አሜሪካ እና ሸሞንሟናዬ

በ1981 ዋልያስ ባንድ ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ሄደ። አድማጮቹ በአብዛኛው በስደት ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ወደ ደርግ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በዚህም የባንዱ አባላት ለሁለት ተከፈሉ። አሜሪካ የቀሩት ዙላ ባንድ በሚል ስም በምግብ ቤቶችና በክበቦች ተጫወቱ። ኃይሉም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማሩ።

ሸሞንሟናዬ በ1985 የተቀረጸው በዚህ መካከል ነው። ኃይሉ በአንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ምት የሚያወጣ ማሽን ይዘው ሁሉንም በተራ በተራ እየቀዱ አነባበሩት። ሮድስና ሙግ በአሜሪካም ሆነ በጃፓን የጃዝ ፊውዥን ተጫዋቾች የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ሆኖም የፊውዥን ሙዚቀኛ በብዛት የሚመካው በሚቀያየር ኮርድና በፈጣን ጣት ነው፤ ኃይሉ ግን በአምስቱ ድምፆች ቅኝት ውስጥ ይቆያሉ። ማሽኑ ምቱን ሳይለውጥ ይደግማል፣ ሲንተሳይዘሩ ቤዙን ይይዛል፣ አኮርዲዮኑ ደግሞ በዘፋኙ ቦታ ገብቶ ድምፁን እያርገበገበ ያዜማል። ውጤቱ አሮጌ ዜማ በአዲስ ማሽን ነው። ማሽኑ የገባው የሙሉ ባንድ ምትክ ሆኖ ቢሆንም፣ ካሴቱን ከሌሎች የዘመኑ ሥራዎች የሚለየው ይኸው ድርቅ ያለ ምት ነው ማለት ይቻላል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዙላ ባንድ ሲበተን ኃይሉ የመድረክ ሥራ ትተው ታክሲ ነጂ ሆኑ። መናኸሪያቸው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። መለማመድ ግን አልተዉም፤ ኪቦርድ በመኪናው ኮፈን ውስጥ ይዘው ይዞሩና ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ ይጫወቱ ነበር።

ወደ መድረክ መመለስ

ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ሸሞንሟናዬን ባሕር ዳር ውስጥ በካሴት አገኘው፤ ኃይሉንም አፈላልጎ በስልክ አነጋገራቸው። አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው ድርጅቱ ካሴቱን በ2013 ዳግም አሳተመው። ቼ በለው በ2014፣ ወደ ሐረር ጉዞ በ2016፣ ትዝታ በ2021 ተከተሉ። በኢትዮጵያ ከገበያ ጠፍተው የነበሩ ሥራዎች በዚህ መንገድ ተመለሱ፤ ዛሬ የአገር ውስጥ አድማጭም የሚያገኛቸው በአብዛኛው በእነዚሁ የውጭ ኅትመቶች ነው።

ኃይሉ ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካና በአውሮፓ መድረኮች መጫወት ጀመሩ፤ በዚህም ጊዜ ታክሲውን ወዲያው አልተዉትም። በ2018 የወጣው ላላ በሉ ከረጅም ዝምታ በኋላ የመጀመሪያው አዲስ አልበማቸው ሲሆን ማይክ ማይኮውስኪ ቤዝ፣ ቶኒ ባክ ድራም ተጫውተውበታል። አልበሙ በረጅም ትዝታ ጀምሮ የፍቅር እንጉርጉሮ በተባለ የፒያኖ ብቻ ሥራ ይዘጋል። በ2020 ደግሞ የኔ ምርጫ ወጣ፤ የቴዲ አፍሮ ሸመንደፈር ከተካተቱት ሥራዎች አንዱ ነው።