ጥቅምት 30 በኤክሴል

ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በተራ ቁጥር ነው፤ 1 ማለት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ነው። አቆጣጠሩ ገና ሲጀመር ስሕተት ነበረበት። በ1983 የወጣው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሎተስ 1-2-3 የ1900ን ፌብሩዋሪ 29 ቀን አድርጎ ቆጥሮት ስለነበር፣ በ1987 ለዊንዶውስ የተሠራው ኤክሴልም ከሎተስ ፋይሎች ጋር ለመስማማት ሲል ያልነበረውን ቀን ይዞ ቀጠለ። በ1993 የመጣው የኤክሴል የማክሮ ቋንቋ ግን ይህን ቀን አይቆጥርም። ስለዚህ ከማርች 1 ቀን 1900 በፊት ባሉት ቀናት ማክሮውና ሺቱ በአንድ ቀን ይለያያሉ።

ለኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የከበደው ሌላ ችግር ነው። በአማራ ክልል በ1994 ዓ.ም. በጀት ወደ ወረዳ ሲወርድ፣ እንደ ዳንግላ ያሉ የአዊ ወረዳዎች ደመወዝንም ሆነ ግዥን ራሳቸው የሚያወራርዱ ሆኑ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ደብዳቤውም ፔሮሉም የሚጻፈው በኢትዮጵያ ቀን ነው። ኤክሴል ግን የገባለትን ቀን የሚያነበው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እንጂ በኢትዮጵያ አይደለም።

ጥቅምት 30 ቀን 2015 «30/2/2015» ተብሎ ሲገባ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ሴሉ እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ወደ ቀን ሊለውጠው የሞከረ ማክሮም «ስሕተት 13» ብሎ ይቆማል። ጳጉሜን 5፣ ማለትም «5/13/2015»፣ የባሰ ነው፦ ማክሮው ምንም ሳይናገር ሜይ 13 አድርጎ ያልፈዋል። ከጥር 30 እስከ የካቲት 1 አንድ ቀን ቢሆንም፣ እንደ ሜይ 30 እና ጁን 1 ሲነበብ ሁለት ቀን ይወጣዋል። ለዕረፍትና ለውሎ አበል ሒሳብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

አንዱ መሸሻ ማክሮው ስሕተቱን ዘሎ እንዲቀጥል ማዘዝ ነው። ይህ መልእክቱን ያጠፋል እንጂ ሒሳቡን አያቃናም፤ ቀኑ ያልተነበበለት ሠራተኛ ከፊቱ ያለውን ሠራተኛ ቀን ሊወርስ ይችላል።

የሚያዛልቀው መንገድ ቀንን፣ ወርን እና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለይቶ በተራ ሒሳብ መሥራት ነው። አሥራ ሁለቱ ወራት እኩል 30 ቀን ስለሆኑና ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ብቻ 6 ስለምትሆን ስሌቱ አጭር ነው፦ ዓመቱ በ365 ይባዛል፤ የዓመቱ ሩብ ያለ ቀሪ፣ ወሩ በ30 ተባዝቶ፣ ቀኑም ይደመሩበታል፤ ከድምሩ 691,194 ይቀነሳል። በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት ጥር 23፣ በ2010 ዓ.ም.፣ 733,650 ሲደመር 502፣ 150 እና 23፣ በድምሩ 734,325 ይሆናል። ቅናሹ ሲነሣለት 43,131 ይቀራል፤ ይህም በኤክሴል ጃንዋሪ 31 ቀን 2018 ነው።

ለዐድዋ ድል ቀን፣ ለየካቲት 23 ቀን 1888፣ ይኸው ስሌት ከዜሮ በታች 1,399 ይሰጣል። ሺቱ ከ1900 በፊት ያለን ቀን ስለማያሳይ ሴሉ በ# ምልክት ይሞላል፤ የማክሮ ቋንቋው ግን ወደ ኋላ መቁጠር ስለሚችል ማርች 1 ቀን 1896 ብሎ በትክክል ያወጣዋል።