የባልጩት መሣሪያ

ባልጩት ቅልጥ ዓለት ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። ሲመታ እንደ ጠርሙስ ይሰበራል፤ የፍንጣሪው ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ለጥንት ሰዎች ባልጩትን በገፍ ካቀረቡት ቦታዎች አንዱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በላይኛው አዋሽ አጠገብ ያለው፣ በድንጋዩ ስም የሚጠራው ባልጪት ነው።

ከባልጪት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከመዲናዋ 50 ኪሎ ሜትር ላይ መልካ ቁንጥሬ የተባለው የቅድመ ታሪክ ሥፍራ ይገኛል። ዩኔስኮ ሁለቱን ቦታዎች በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። በዚያው አካባቢ ሲምብሮ በተባለው ሥፍራ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የእጅ መጥረቢያ ይሠራ ነበር፤ ከተጠኑት 578 መሣሪያዎች ከሦስቱ በቀር ሁሉም ባልጩት ናቸው። እጀታ አልነበራቸውም፤ በመዳፍ ይያዙ ነበር።

ድንጋይን ከእንጨት ማጣመር ሌላ ብልሃት ነው። ሠሪው ስለቱን፣ እንጨቱንና ማያያዣውን አንድ ላይ ማሰብ አለበት። ለዚህ ማስረጃ ከሚጠቀሱት ቀደምት ቦታዎች አንዱ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ያለው ጋደሞታ ነው። ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከ279,000 ዓመት በፊት የተሠሩ ሹል ባልጩቶች ላይ ያለው የስብራት ምልክት በከፍተኛ ፍጥነት ዒላማ መምታታቸውን እንደሚያሳይ ገልጸዋል። የተወረወረ ጦር ጫፎች ነበሩ ማለት ነው። ዕድሜያቸው በኦሞ ኪቢሽ ከተገኘው ጥንታዊ የሰው ቅሪት ዕድሜ ይበልጣል።

እጀታ ያለው ድንጋይ ግን የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። በጋሞ፣ በኮንሶና በሌሎችም አካባቢዎች ቆዳ ሠሪዎች በድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ እስከ ቅርብ ጊዜ ተጠንተዋል፤ በኮንሶ ሥራው የሴቶች ነው። የጋሞው «ዙቃኖ» በሁለት ጎኑ አንድ አንድ መፋቂያ የሚቀበል የእንጨት እጀታ ሲሆን፣ ድንጋዩ የሚጣበቀው በሙጫ ነው። «ቱቱማ» የሚባለው ደግሞ አንድ መፋቂያ ብቻ ይይዛል፤ ሙጫም አያስፈልገውም። ይህን ያህል ዕውቀት የተሸከመ ሙያ «ፋቂ» በሚል ስድብ መናቁ ያሳዝናል።

ስለቱ ሲደነዝዝ ሠሪው ከእጀታው ሳያወጣ ጠርዙን መታ መታ እያደረገ ይስለዋል። ድንጋዩ በተሳለ ቁጥር እያጠረ ሄዶ መፋቅ ሲያቅተው ይነቀልና በአዲስ ይተካል። ስባሪው የልጆችንና የከብቶችን እግር እንዳይቆርጥ ተሰብስቦ ለብቻው ይደፋል።